ከዒላማው ጀርባ ምን አለ?

ልጄ ከውጭ ስትመጣ ለወንድሟ ልጅ ደጋንና ስድስት ቀስቶች ይዛ መጣች። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቀስቶቹ ጫፍ ደግሞ ብረት ነው። ምራቴ «ዛሬውኑ ከቤት ይውጣልኝ» አለች። እኔ ግን ዒላማው በደንብ ከተሠራና ትልቅ ሰው አጠገቡ ከቆመ ይወርውር ባይ ነኝ።

ዒላማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ክቡን ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቀስቱን የሚያቆመው ነገር፣ ከዚያም ልጁ ሲስት ከጀርባ የሚቀበለው ነገር ነው። ጀማሪ ደግሞ ይስታል።

ግንብ ወይም ጣውላ ላይ ካርቶን ለጥፎ «በል ወርውር» ማለት አይሆንም፤ ቀስቱ ነጥሮ ወደ ልጁ ሊመለስ ይችላል። አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽም ብቻውን አያስተማምንም፤ ቀስቱ ሰንጥቆት ያልፋል። የሚያስፈልገው ተጠቅጥቆ የታመቀ ነገር ነው።

እኛ ከሰፈሩ ባለሱቅ ካርቶን ለመንን። የሽቦ ስፌቱን አውጥተን፣ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥን አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርን። ቁልሉ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከላይና ከታች ጣውላ አድርገን በጭነት ገመድ ጠፍረን አሰርነው። የሚወረወረው በሰፊው ጎን፣ በካርቶኖቹ ጠርዝ በኩል ነው። ቀስቱ በንጣፎቹ መካከል ይገባና ታንቆ ይቆማል፤ ለመንቀልም አያስቸግርም። ሲላላ ገመዱን ማጥበቅ ነው። ዝናብ ግን ጠላቱ ነው፤ ማታ ማታ በረንዳ ሥር ይግባ።

ካርቶን ያጣ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት በአሮጌ ልብስ ጠቅጥቆ ይሙላ፤ ቁልፍና ዚፕ እየተቆረጠ ይውጣ። ይህን ስናገር የሰማችው ምራቴ ባሏ አልጥልም ያላቸውን ሱሪዎች በሙሉ ተሸክማ መጣች።

አሁን ወደ ጀርባው ልመለስ። የግቢያችን አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ማዶው የጎረቤት ልጆች መጫወቻ ነው። ስለዚህ ዒላማውን በርም መስኮትም በሌለው የድንጋይ ግንብ በኩል አቆምነው፤ በመካከሉ ያረጀ ምንጣፍ ሰቀልን። ምንጣፉ መወጠር የለበትም፤ ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ነው የሳተውን ቀስት ጉልበት የሚበላው። እንዲህ ያለ ቦታ ግቢያችሁ ውስጥ ከሌለ፣ የምራቴ ሐሳብ ትክክል ነው።

ኦሊምፒክ ላይ የሚወረወረው ከ70 ሜትር ርቀት፣ 122 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው ክብ ነው። ለልጅ 5 ሜትርና ሰፌድ የሚያህል ክብ ይበቃል። ቀለሙ ከመሐል ሲጀመር ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ ነው። የኛው ልጅ የሒሳብ መምህሩን ፊት ልሳል ብሎ ነበር፤ የሰውም የእንስሳም ፊት አይሳልም ብዬ ከለከልኩት።

ወርዋሪ ሁሉ ከአንድ መስመር ላይ ይወረውራል፤ ደጋኑ መሬት ሳይቀመጥ ማንም ወደ ዒላማው አይሄድም። ቀስት ሲነቀል አንድ እጅ ዒላማውን ይደግፋል፣ ሌላው ቀስቱን ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይስባል። በዚያን ጊዜ ከነቃዩ ኋላ ሰው አይቁም፤ የቀስቱ ጭራ ዓይን ይወጋል። ቀስት ሳይኖር ደጋኑን ስቦ መልቀቅም ደጋኑን ይሰብረዋል።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቀስቶቹን አንድ በአንድ በእጅ እየዳበሳችሁ፣ በቀስታ አጠፍ እያደረጋችሁ እዩ። የተሰነጠቀ ቀስት ሲለቀቅ ተሰባብሮ እጅ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል በማጣበቂያ አይጠገንም፤ ልጁ እያየ ሰብራችሁ ጣሉት።