መውጫ የሌለው ውሃ





ከሐራ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው መርሳንና ውጫሌን አልፎ የሐይቅን ውሃ ያያል። ተማሪዎቼን ይዤ በሄድሁ ጊዜ አንዱ ልጅ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይፈሳል?» ሲል ጠየቀኝ። ወዴትም አይፈስም። የአንከርከሃ ወንዝ የሐርዲቦን ውሃ ያመጣለታል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። እንግዲያስ ከተማው የሚጥልበት ቆሻሻ ሁሉ ከዚያው ይቀራል ማለት ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውሃው ስለ ሸሸ ዛሬ በየብስ ይደረሳል። በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ አሣ ተጨመረበት። አሣው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ነገር ግን ጥርት ያለው ውሃ ከዚያ ወዲህ መደፍረሱን ሊቃውንት ጽፈዋል። አንድ አሣ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ጥራጊና ፍሳሽ ምን ያደርግ ይሆን?

በዳር ያለው ቄጤማና ደንገል ከንቱ ሣር አይደለም። ደለሉን ያግዳል፤ ወፍ ይጎጆበታል፤ የአሣ ጫጩት ይሸሸግበታል። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት ለዳርቻው ወሰን አበጅተው ከማረሻና ከጥራጊ እንዲጠብቁት አሳስባለሁ። እኛ መምህራንም የልጁን ጥያቄ በየክፍላችን እናንሣው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከሐራ