ዓባይ ከጉባ አይጀምርም

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ በቢሮውም በቡና ቤቱም አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። የዓባይ ነገር ተቋጭቷል፣ ከእንግዲህ የቀረን ከካይሮ ጋር መነታረክ ብቻ ነው የሚል። ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ሲገጥመኝ የበሬሳን ወንዝ አይቶት ያውቅ ይሆን እላለሁ። በሬሳ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ወደ ዓባይ። እዚህ ከማሳ የተነሣ አፈርና ከፋብሪካ የወጣ ፍሳሽ የሚሄደው ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ ነው። ዓባይን ከግድቡ ግንብ ጀምሮ የሚቆጥር ሁሉ እኛን ከተፋሰሱ ሰርዞናል ማለት ነው።

ጠቤ ከግድቡ ጋር አይደለም። ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አድርገው ሲካፈሉ ለምንጩ አገር ጠብታ አላስተረፉም ነበር። ያንን ግፍ ድሃው ሕዝብ ቦንድ ገዝቶ በ5,150 ሜጋ ዋት መለሰው። ይህን የሚያሳንስ ብዕር የለኝም። የምተቸው ተፋሰስ ማልማት ማለት ግድብ መገንባት ብቻ ነው የሚለውን እምነት ነው።

እስቲ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን የባሶና ወራና ወረዳ አንድ ጓዳ እንመልከት። እንጀራው የሚጋገረው በኩበት ነው። ብርዱም የሚገፋው በኩበት ነው። ዛፉ ከአገሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ያለው ባህር ዛፍ ለቤት ማገርና ለገበያ ይፈለጋል። ስለዚህ ወደ ገብሱ ማሳ መመለስ የነበረበት እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ግማሹ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ በአህያ ተጭኖ ከተማ ይሸጣል። ፍግ የተነፈገ አፈር ይላላል። የላላ አፈር የሐምሌን ዝናብ አይችልም፤ ታጥቦ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ማሳ በውድ ማዳበሪያ ለማስታመም ይበደራል።

ይህ ግምት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመበት ነው፤ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ኖሯል። አገራችን ስለ ደጋ አፈር መሸርሸር የምታውቀው ብዙው ነገር ከዚህችና ከመሰሎቿ ጣቢያዎች የተገኘ ነው። ስለ ዓባይ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያወራው ቴሌቪዥናችን አንዲት ጥድን ስንት ጊዜ አሳይቶናል?

አፈሩ የት እንደሚደርስ ሱዳኖች ያውቁታል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የሮሴሪስ ግድብ፣ ከፍታው በ2013 እ.ኤ.አ. እስኪጨመር ድረስ፣ ከማጠራቀሚያው ሲሶ በላይ የሚሆነውን በደለል ተነጥቆ ነበር። ያ ደለል የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ማሳ ነው። አሁን ከሮሴሪስ በፊት የሚቀበለው የእኛው ግድብ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ደለሉ የሕዳሴን ግድብ ነገ ከነገ ወዲያ አይሞላውም፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ቀላል ጎድጓዳ አይደለም። ግድቡ ሊሞላ ነው ብለው የሚያስፈራሩ ሰዎች ነገሩን ያበላሹታል። ቀድሞ የሚያልቀው ግድቡ ሳይሆን ማሳው ነውና።

ታዲያ ኩበቱን ከምድጃ የሚያስወጣው ኤሌክትሪክ የት ነው? ለጅቡቲና ለኬንያ ይሸጣል። ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎችም በመቶዎች ሜጋ ዋት ተሰጥቷል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ግን ገና በጨለማ ነው፤ ምሰሶ የደረሰለትም ቢሆን በኤሌክትሪክ ምጣድ ለመጋገር ኃይሉ አይበቃውም ወይም ኪሱ አይችለውም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገናል የሚለው መከራከሪያ ይገባኛል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ወደ ምድጃው ካልመጣ እበት ወደ ማሳው አይመለስም። ከግድቡ አጠገብ ከሚሠራ ከማንኛውም የደለል መከላከያ ይልቅ አንድ የባሶና ወራና ምጣድ ለተፋሰሱ ይበጃል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠን መልስ የጥርና የየካቲት የአፈር ጥበቃ ዘመቻ ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፤ ወረዳው በኪሎ ሜትር ቆጥሮ ለዞን ይልካል፤ ዞኑ ለክልል። በሚያዝያ ከብቱ እርከኑን ይረግጠዋል፣ በነሐሴ ጎርፉ ይበጥሰዋል፣ በጥር እንደ አዲስ ይቆጠራል። በቅንነት የሚለፉ የግብርና ባለሙያዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ ግን የሚጠይቃቸው የተቆፈረውን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ የተረፈውን አይደለም።

ተቋሙም ቢሆን እንደ እርከኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ወጣ፤ ዓባይም የራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመለት። በ2011 ዓ.ም. ሁሉም ተጠቃለው የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ያም ፈርሶ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። ማኅተም ሲቀያየር የጀማን ጉዳይ ማን ይዞት ቆየ?

ወደ ከተማችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተፈረመው የመርሆዎች ስምምነት ሁለት ነገር ተቀብለናል፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን፣ በሌላው ላይ ጉልህ ጉዳት አለማድረስን። በዓለም መድረክ በኩራት የምንጠቅሳቸው ናቸው። በሬሳ ላይ ግን ማን ይጠቅሳቸዋል? ደብረ ብርሃን ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተደራርበውባት ሪጂኦፖሊታን ከተማ ተብላለች። ከከተማዋ በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣውና ጎመን የሚያለማው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ወንዝ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ከሌላው አጠቃቀም ሁሉ ቅድሚያውን ለቤት ውስጥ ፍጆታ ይሰጣል። የከተማው ነዋሪ ግን ውሃ የሚመጣበትን ቀን በጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቃል። ካይሮ ላይ የላይኛው ተፋሰስ ሆነን የታችኛውን እናከብራለን የምንል ሰዎች፣ ከበሬሳ ድልድይ በታች ያለውን ጎረቤታችንን የማናከብረው ጋዜጠኛና ዲፕሎማት ስለሌለው ይሆን? ከጣርማ በርና ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ የሚወርደውማ ጭራሽ ተናጋሪ የለውም። ወደ አዋሽ ሄዶ አገር ውስጥ ስለሚቀር፣ አፋር ላይ ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ እንደ ተፈጥሮ አደጋ ይዘገባል እንጂ የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ጉዳይ ነው የሚል አይሰማም።

መፍትሔው እንግዳ ነገር አይደለም። ኮስታ ሪካ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነዳጅ ግብርና ከውሃ ኃይል አመንጪዎች በሚገኝ ገንዘብ ለደን ጠባቂ ባለይዞታዎች ትከፍላለች። የላይኛው ገበሬ አፈሩን ሲጠብቅ ተርባይኑ ይጠቀማልና ነው። እኛም የምንሸጠው ኃይል አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለላይኛው ተፋሰስ ወረዳዎች በአዋጅ ይለይ፤ ገንዘቡም ለአበል ሳይሆን ለምጣድ፣ ለመስመርና ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ ለተገኘ እርከን ይከፈል። የደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደርም የበሬሳን ውሃ ከከተማው በላይና በታች አስመርምሮ ውጤቱን በየወሩ በአደባባይ ይለጥፍ። ለዚህኛው አዲስ አዋጅም፣ የካይሮ ፈቃድም አያስፈልገውም።