ከአሶሳ ጋምቤላ፦ ያራራቃቸው ማን ነው?

ርቀት የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የአሶሳንና የጋምቤላን አውሮፕላን ማረፊያዎች በካርታ ላይ ይመልከት። ሁለቱም በምዕራብ ድንበራችን አቅራቢያ፣ በአንድ ኬንትሮስ ላይ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አንዱ ከሌላው በስተሰሜን ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሀገር ውስጥ መሥመሮች ለሚበርረው ኪው 400 አውሮፕላን ይህ ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ መንገድ ነው።

ተሳፋሪው ግን በተለመደው መሥመር የሚጓዘው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ከአሶሳ ተነሥቶ 475 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይበርራል፤ ከቦሌ ያንኑ ያህል ወደ ምዕራብ ተመልሶ ጋምቤላ ይደርሳል። 210 የነበረው 950 ሆነ ማለት ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ! የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልተገጣጠመ ደግሞ የአዲስ አበባ አዳርና የሆቴል ወጪ ይከተላል። «በመኪና ይሂድ» እንዳይባል፣ በመካከል ያለው የምዕራብና የቄለም ወለጋ ምድር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት ሲታመስ የኖረ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂላችን እዚህ ቦታ ላይ ትርጉሙን አጥቷል።

የተለመደው መልስ «ተሳፋሪ የለም» የሚል ነው። ይህ ድልድይ በሌለው ወንዝ ዳር ቆሞ ተሻጋሪ እንደ መቁጠር ነው። ሁለቱም ክልሎች ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖችን ያስጠልላሉ፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ሁለቱም ሐኪም፣ መድኃኒትና ባለሙያ ይፈልጋሉ። ታዲያ እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ጉዳይ እንዴት ይጠፋል?

ሒሳቡንም እንየው። አውሮፕላን ለሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ደርሶ መልስ ሲበርር 1,900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አዲስ አበባ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ አዲስ አበባ ብሎ በአንድ ዙር ቢመለስ ግን 1,160 ብቻ ነው። ወንበሩ ለሁለት ከተማ ይከፈላል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ስለዚህ በየቀኑ ይሁን አላልኩም። በሳምንት ሁለት ቀን ይሞከር።

አሠራሩም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፎከር 50 ዘመን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እንደ መቁጠሪያ ሰክቶ ጎብኚ ሲያመላልስ ኖሯል። ቅርስ ለማየት ለመጣ እንግዳ የተቻለው፣ ለድንበር ነዋሪ ዜጋ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱ ከአውሮፕላኑ አቅም ይልቅ ከአስተሳሰባችን ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። ሀገርን ከመሐል ወደ ዳር ብቻ የሚያይ ዓይን፣ ዳርና ዳር የሚገናኙበት ጉዳይ መኖሩ አይታየውም። ሁሉም ዜጋ ከመሐል ጋር ብቻ ተገናኝቶ እርስ በርሱ ካልተዋወቀ፣ አንድነት የምንለው ነገር ከወዴት ይመጣል?