ኩላሊቷ ሳይደክም የምትሞተው ድመት

በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት የቤት ድመትን አማካይ ዕድሜ 12 ዓመት ገደማ ያደርሰዋል። ቀደም ሲል እዚያው የተደረገ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ድመቶች በብዛት የሚገድለው እንደ መኪና ግጭት ያለ አደጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ የኩላሊት ሕመም።

ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ካትሌሆንግና በመሰል የደቡብ አፍሪካ ሰፈሮች ግን ሌላም ገዳይ አለ። ቆሻሻ በወቅቱ ሳይነሣ ሲቀር አይጥ ይበዛል፤ ነዋሪውም በመንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን መርዝ ይገዛል። ከእነዚህ አንዱ፣ ለእርሻ ተብሎ የተመረተው ቴርቡፎስ፣ የነርቭን ሥራ አውኮ ትንፋሽን ያቋርጣል። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ለኩላሊት ሕመም የሚያደርስ ዕድሜ ላይኖራት ይችላል።

መርዙ በድመት አያበቃም። በዚያው በ2024፣ በሶዌቶ ናሌዲ ሰፈር ስድስት ሕፃናት በቴርቡፎስ ተመርዘው ሞቱ። ጣት የተቀሰረው ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የውጭ ዜጎች በሚያንቀሳቅሷቸው ትንንሽ ሱቆች ላይ ነበር። ሱቆችን መመዝገብና መፈተሽ ተገቢ ነው፤ መርዙን ማገድም እንዲሁ። ይሁንና ቆሻሻው ካልተነሣ አይጡ ይኖራል፤ አይጡ ካለ መርዝ ሻጩም ገበያ አያጣም።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች ቆሻሻን በወቅቱ ከማንሣት ባሻገር የድመቶችን ድንገተኛ ሞት ሊመዘግቡና ሊመረምሩ ይገባል። በአንድ መንደር ድመቶች ተከታትለው ሲሞቱ መርዙ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጃፍ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ምልክት ችላ ማለት ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ መሆን ነው።