ምክርን በፍቅር ታሪክ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገራችን ሰው። ጠጁ ያው ጠጅ ቢሆንም ቅሉ ብርሌው ዓይን ይስባል፤ ነገሩም ያው ነገር ሆኖ ሳለ ምሳሌው ጆሮ ያስከፍታል። ይህን አባባል በብዕራቸው ከሠሩበት ሰዎች አንዱ የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ዛሬ ስለ እሳቸው የምናነሣው የታላቅ ሰው ስም ለመጥራት ያህል ብቻ አይደለም፤ ተማሪውና ገና ወደ ሥራ የገባው ወጣት ሹም ከእሳቸው ሊማረው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ ብለን ስለምናምን ነው።

ኅሩይ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ፣ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። ጀማና ወንጪት በጥልቅ ሸለቆ ከከበቡት ከዚያ አገር ወጥተው የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም በጸሐፊነት አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተከታተለ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ በዓል፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር ወደ አውሮፓ፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጃፓን ከተላኩት መልክተኞች ጋር ተጓዙ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ ዳኝነት ተቀምጠዋል፤ ጠላት አገራችንን እስከ ወረረበት ጊዜም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በስደት ሳሉ በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ አረፉ።

ይህን ሁሉ ሥራ የተሸከመ ሰው መጽሐፍ ለመጻፍ ጊዜ ከየት አገኘ? ኅሩይ ግን የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጁ፤ የነገሥታትን ዜና፣ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክና የጉዞ ማስታወሻ ጻፉ። በዚህም ሳይወሰኑ ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ገቡ። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»፣ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ»፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም» ወጡ።

ከእሳቸው በፊት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በሮም አሳትመው ለአማርኛ ልብ ወለድ በር ከፍተው ነበር። የአፈወርቅ ታሪክ ጦርነትና ፍቅር የተቀላቀሉበት፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝበት፣ ከሩቅ ዘመን የመጣ የሚመስል ጨዋታ ነው። ኅሩይ ግን የፍቅርን ታሪክ ከሩቅ ዘመን አውጥተው አንባቢው ከሚኖርበት ቤት አስገቡት። ብርሃኔና ጽዮን ሞገሳ የሚያነሡት ጥያቄ የቤተሰብ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን «አዲስ ዓለም» ሊጤን ይገባዋል። ባለታሪኩ አወቀ የመንዝ ጎረቤት የሆነው የተጉለት ልጅ ነው። ትምህርት ፍለጋ እስከ ፓሪስ ደርሶ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ዘመድ እንደ እንግዳ ያየዋል። አባቱ ሲሞትም የለቅሶውን ጩኸትና የተዝካሩን ድግስ ስለ ተቃወመ ከወገኑ ጋር ይጣላል። በመጽሐፉ ፍጻሜ ካህናት ተሰብስበው ስለ ሥርዓቱ መሻሻል ይመክራሉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አወቀ ተጉለትን ንቆ በፓሪስ አልቀረም። መጥቶም አፍሮ ዝም አላለም።

አንዳንድ ሰዎች የኅሩይ ታሪክ ስብከት ይበዛዋል፤ ፍቅሩም በምክር ተሸፍኖ ይቀራል ይላሉ። ነቀፋው መሠረት የለውም አንልም። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ጊዜ ከመኖር ይልቅ ያስተምራሉ። ዳሩ ግን ደራሲው በቅኔና በስብከት ጆሮው ለተገራ አንባቢ እንደ ጻፉ ማሰብ ይገባል። ያ አንባቢ ምክርን ያከብራል፤ በታሪክ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት ደግሞ ሳይከፋው ይቀበለዋል። ብላቴን ጌታ የመረጡት መንገድ ይህ ነው።

መንገዱ ከአዋጅም ቀድሞ ሄዷል። የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ታሪክ በታተመ በ29ኛው ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ወሰነ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ያለዕድሜ ጋብቻ ዛሬም ከአገራችን ገጠር ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ የሚያሳየን ሕግ በደጅ ቆሞ ሲያዝ፣ ልማድ ግን በጓዳ ተቀምጦ እንደሚመክር ነው። ወደ ጓዳ የሚገባው ደግሞ ጨዋታና ታሪክ ነው።

ስለዚህ በመንዝ ደጋ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ቆላ የተመደበ ወጣት ሹም የአወቀ ወንድም ነው። ሰርክሉን አንብቦ ማኅተሙን አሳርፎ ቢቀመጥ ሥራውን ፈጸመ አይባልም። ልጃቸውን ሊድሩ የተነሡትን አባት «አባባ» ብሎ አክብሮ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ የሰማውን እውነተኛ ታሪክ ቢያጫውታቸው የወረቀቱ ቃል ሥጋ ይለብሳል። ንቀት ይዞ የሄደ ግን የያዘው እውነት እንኳ ቢሆን ይዞት ይመለሳል። ሽማግሌ የሚሸነፈው በክርክር ሳይሆን በአክብሮት ነው።

ተማሪውም ቢሆን «ሥራዬን ስይዝ ብዕሬን አስቀምጣለሁ» አይበል። የቢሮ ሥራ ብዕርን የሚያደርቅ ቢሆን ኖሮ ብላቴን ጌታ ኅሩይ አንድ መጽሐፍ እንኳ ባልተዉልን ነበር። ሹመት የሰውን ችግር ከቅርብ ያሳያል፤ ብዕር ደግሞ ያዩትን ለሌላው ያካፍላል። ሁለቱ ሲገናኙ አገር ይጠቀማል።

ወጣቶች ሆይ፤ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ለመጽሐፍ የማይበቃ አድርጋችሁ አትዩት። ከደን ተነሥተው ዓለምን የዞሩት ሰው ልብ ወለዳቸውን ሲጽፉ ባለታሪካቸውን የወለዱት በተጉለት ነው።