የሒርናውን ገበሬስ ማን ያስታውስልን?

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲነሡ የሚባለው ያው ነው፦ ሩሲያ የተማሩት የመድፍ መኮንን፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት፣ «ፋቡላ»ን የጻፉት። እኛ የምዕራብ ሐረርጌ ልጆች ደግሞ አንድ እንጨምራለን፤ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ቺሮን፣ ያቀኑ ናቸው። ተፈሪ ቢያስብም የሠሩት ተክለ ሐዋርያት ናቸው ብንል አላጋነንንም።

የተረሳው ገበሬው ነው። የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሰው ከማዳጋስካር ስደት ሲመለሱ ከቺሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ ሒርና ላይ ያረሱ ነበር። ልጃቸው ግርማቸውም «አርአያ» በተባለው ልብ ወለዱ ፈረንሳይ ተምሮ ወደ ገጠር የሚመለስ ወጣት ቀርጿል። ከአባቱ ቤት የወጣ ሐሳብ ይመስለናል።

«የባለመሬት እርሻ ምኑ ይወደሳል?» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ የጨርጨር አራሽ ስንት ዘመን በጭሰኝነት ኖሯል፤ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ በደስታ የተቀበለውም ለዚህ ነው። ይህን አንሸሽግም። ግን ሰውን ማስታወስ ማለት ማንገሥ አይደለም።

ለምን አነሣነው? ዛሬ በቺሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ «ተሳካለት» ማለት አዲስ አበባ ገባ፣ አለዚያም ባሕር ተሻገረ ማለት ሆኗል። እኚህ ሰው ግን ዓለምን አይተው ሒርናን መረጡ። ሹመታቸውን እንደምንቆጥር ሁሉ፣ ይህንንም ምርጫቸውን እንቁጠርላቸው።