ስሙ ያልተጻፈው ቢት ሠሪ

አንድ የሂፕ ሆፕ ዘፈን የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የሚሰጠው መልስ የራፐሩ ስም ነው። ሙዚቃውን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ኦ ኖ በሚል ስም የሚታወቀውን የካሊፎርኒያ ራፐር እንመልከት። መጠሪያ ስሙ ማይክል ጃክሰን ነው (ከታዋቂው ዘፋኝ ጋር ያለው ዝምድና ግን በስም ብቻ ነው)። በአንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ ወዳጆች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የማድሊብ ታናሽ ወንድም ተብሎ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» የተሰኘ አልበም አወጣ። ቢቶቹን የሠራው ከኢትዮጵያ የድሮ ሸክላዎች ቁርጥራጭ ድምፅ እየወሰደ ነው። ይህን ሥራ ቆርጦ መለጠፍ ብለው የሚያቃልሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ ድምፃዊው እስኪገባ ስንጠብቅ የምናሳልፋትን የጥቂት ሰከንድ የኦርጋን ወይም የሳክስፎን ሐረግ ነጥሎ መስማት፣ አዙሮ አዲስ ምት ማድረግ የደራሲ ጆሮ ይጠይቃል።

እኛማ የእነዚያን ሸክላዎች አቀናባሪዎች መች አወቅናቸው? ግርማ በየነ የዚያን ዘመን በርካታ ዘፈኖች ያቀናበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። በ2017 አዲስ አልበም ያወጣው አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር ነው። ጆሮ ሰጥቶ የፈለገው ከውጭ የመጣ ሰው መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

በሂፕ ሆፕ ደግሞ በደሉ ይከፋል። በተለመደው አሠራራችን ዜማው ቀድሞ ይደረሳል፤ አቀናባሪው በኋላ ያለብሰዋል። በሂፕ ሆፕ ግን ብዙውን ጊዜ ቢቱ ይቀድማል፤ ራፐሩ ግጥሙን የሚጽፈው እርሱን እየሰማ ነው። ስለዚህ ቢት ሠሪውን «አቀናባሪ» ብሎ ማለፍ እንኳ ከደረጃው ማውረድ ነው። የሙዚቃው ደራሲ እርሱ ነው።

በዚህ ላይ የቃል መደናገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፕሮዲዩሰር የሚለው ቀረጻውን በራሱ ተነሣሽነትና ኃላፊነት ያሠራውን ሰው ነው። ወጣቶቻችን ፕሮዲዩሰር የሚሉት ግን ቢት ሠሪውን ነው። በላፕቶፑ የሠራውን ቢት በጥቂት ብር የሚሰጥ ተማሪ፣ ገንዘቡን ከተቀበለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በዚሁ አዋጅ መሠረት የሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብቱ በእጁ ባይሆንም እንኳ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ይህን መብት ለተማሪው የሚነግረው ማን ነው? እኛ መምህራን እንኳ ስለ አእምሯዊ ንብረት ስናስተምር ምሳሌያችን መጽሐፍና የፈጠራ ባለቤትነት ማስረጃ ነው።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት። ያሆዴና መሳላ ሲከበሩ መድረኩን የሚያዘጋጁት የመንግሥት አካላት ሙዚቀኞች ሲመዘግቡ በቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ሙዚቃውን የሠራው ማን ነው የሚል። የመድረክ መሪውም የድምፃዊውን ስም ከጠራ በኋላ ያንን ስም ጮክ ብሎ ያንብበው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።